እግር ያለው ማንቆርቆሪያ፣ ክፍል ሁለት

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ወልድያ ላይ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ እየጠገንኩ የምኖር፣ ጢሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለብኝ ሰው ነኝ። በሕይወትህ ብዙ የለፋህበት ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ግን እውነቱን ለመናገር አፍራለሁ። አንድ ማንቆርቆሪያ ወንዝ ማሻገር ነው። ትዳር አልያዝኩም፣ ቤት አልሠራሁም፣ ማንቆርቆሪያውን ግን አሻግሬዋለሁ።

ነገሩ የቴሌቪዥን ጌም ነው፤ ያ ካሴት እየተሰካ የሚጫወቱት የድሮው ዓይነት። ጀግናው ሁለት ቀጫጭን እግሮች ያሉት ማንቆርቆሪያ ነው። ክዳኑን እንደ ቆብ ደፍቶ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ መንገድ የዘጉበትን ጉንዳኖች ፍል ውሃ ይረጫቸዋል። ማን እንደሠራው፣ ምን አስቦ እንደሠራው አላህ ይወቅ። ልጅ ሆነን ክፍል አንድን የሰፈራችን አንድ ሹፌር ቤት ተደርድረን እንጫወተው ነበር። ካሴቱ አልሠራ ሲል በአፋችን እፍ እንልበትና እንደገና እንሰካዋለን። ክፍል አንድ ቀላል ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራው መሮጥና መዝለል ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እጨርሰው ነበር። ሰፈሩ በዚህ ያውቀኛል፤ በትምህርት ግን የሚያውቀኝ አልነበረም።

ክፍል ሁለት መኖሩን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የባቡሩ ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ አንድ ደላላ ከሐራ ካርቶን ሙሉ የተበላሸ ዕቃ አምጥቶ፣ ከዚህ የሚነሳ ካለ አስነሳው ብሎ ሱቄ ጥሎልኝ ሄደ። ከተሰባበሩ ሬዲዮኖች ስር አንድ ካሴት አገኘሁ። ላዩ ላይ ያው ማንቆርቆሪያ ተስሏል፤ ከጎኑ የሁለት ቁጥር አለ፤ የቀረው ጽሑፍ በማላውቀው ቋንቋ ነው። የዚያን ቀን የሦስት ሰው ቴሌቪዥን ሳይጠገን ዋለ።

የመጀመሪያው ሌቭል እንደ ድሮው ነበር። ሮጥኩ፣ ዘለልኩ፣ ጉንዳን አቃጠልኩ፣ ደረቴን ነፋሁ። ሁለተኛው ላይ ወንዝ መጣ። እንደለመድኩት ዘልዬ ልሻገር ስል ማንቆርቆሪያው ሰጠመ። ደግሜ ዘለልኩ፣ ደግሞ ሰጠመ። ለካስ ክዳኑን አውልቆ እላዩ ላይ ተቀምጦ እንደ ታንኳ መቅዘፍ ነበረበት። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። መቅዘፉን ስለምድ ሦስተኛው ሌቭል እግሮቹን ነጠቀውና መንከባለል ሆነ። አራተኛው ላይ በእንፋሎቱ ይበራል፤ ብዙ ከበረረ ግን ውሃው አልቆ ይወድቃል። አምስተኛው ላይ ደግሞ አንድ ግመል መንገዱን ዘግቶ ተኝቷል። ፍል ውሃ ረጨሁት፣ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ልዘለው ሞከርኩ፣ በእርግጫ መለሰኝ። እኔ የሰው ቴሌቪዥን የምፈታ ባለሙያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከግመል ጋር ስዋጋ ከረምኩ። ግመሉ የፈለገው ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱም ከኋላዬ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ወጥነት የለውም። ስድስተኛው ሌቭል ላይ ሰማይና ምድር ይገለበጣል፤ ግራ ሲጫኑ ቀኝ ይሄዳል፤ ሙዚቃው ሳይቀር የኋሊት ይዘፈናል። የሠራው ሰው አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ትዝ እያለው የተነሳ ይመስላል። ግን እወደው ነበር። ጌሙ ከሁሉ የሚጠላው አውቃለሁ ባይን ነው፤ ባለፈው ሌቭል የተማርከውን ይዘህ ስትመጣ በዚያው በተማርከው ይገድልሃል። እኔም ሁልጊዜ የተማርኩትን ይዤ ነበር የምመጣው።

ስለ ጌሙ ይህን ያህል ያወራሁት ያለምክንያት አይደለም። የእኛ አገር ጦርነትም ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ነበረው። በክፍል አንድ አባቴን ቤት ጥዬ ሸሽቻለሁ። ክፍል ሁለት ሲመጣ ከአላህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን እንዳልደግመው።

አባየ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡና የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ሆነው ቀሩ። እኛ ጋ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ሰፈሩን ጠርቶ፣ መቃብር አስቆፍሮ፣ አስተዛዛኙን አብልቶ የሚሸኝ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚወጣው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሳቸው ሰው ይቀብራሉ፤ እኔ ማንቆርቆሪያ አሻግራለሁ።

የመጀመሪያው ጊዜ ከተማው ሊያዝ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ሲራወጥ፣ አንድ ጎረቤታችን ሚኒባሱን አስነስቶ ለሁለታችሁ ቦታ አለኝ አለኝ። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባየ መደብ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። እንሂድ አልኳቸው። «እኔ ይቅርብኝ፤ አንተ ሂድ ልጄ» አሉኝ። ውጭ ሚኒባሱ ክላክሱን ያስጮኸዋል። እሺ አልኩና ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ያን ሻንጣ የከፈትኩት ደሴ፣ ተፈናቃይ የሰፈረበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰው ከየሻንጣው ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ የቤት ካርታ፣ የልጅ የምስክር ወረቀት ያወጣል። እኔ ያወጣሁት የጌም ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ካሴት ነው። አንድ ካልሲም ነበረኝ፤ ጆይስቲኩ እንዳይሰበር የጠቀለልኩበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከጎኔ ያረፉ እናት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንቆርቆሪያ ነው፣ እግር አለው፣ ይሮጣል ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ትንሽ አዩኝና የብርድ ልብሳቸውን ግማሽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። እንደ በሽተኛ ቆጥረውኝ መሰለኝ።

አባትህስ ያለኝን ሁሉ በአንድ ቃል እመልስ ነበር። አባቴ የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ሬሳ ጥለው አይሄዱም፤ ብለምናቸው ብለምናቸው እምቢ አሉ እላለሁ። ሰሚው «አይ የድሮ ሰው!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ቀና እላለሁ። መጀመሪያ ለሰው አልኩት፤ ሳምንታት ሲያልፉ እኔም አመንኩት። ስልክ ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ይኑሩ ይሙቱ የማውቀው ነገር የለም። ደሴም ሲነካ እስከ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ፤ ማንቆርቆሪያውም አብሮኝ ሸሸ።

ከአምስት ወር በኋላ ስመለስ አባየ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል። አቀፉኝ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ከዚያ በላይ ምንም አላሉኝም። ስለቀበሯቸው ሰዎች ያወራኝ ሌላው ሰው ነው። ሰባራ አካፋ ይዘው፣ ከሁለት አዛውንት ጋር፣ ተኩሱ እየቆመ እየቀጠለ ባለበት መካከል ሲቀብሩ ከረሙ አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ «ለቅሬው ብለው ቀሩ» እያለ ስማቸውን ያነሳል። የእኔም ወሬ ከሰፈሩ ወሬ ጋር ገጠመልኝ፤ ውስጤ ተረጋጋ።

መብራት ሲመለስ እኔም ወደ ሰባተኛው ሌቭል ተመለስኩ። እዚያ አንድ ግዙፍ ዘበኛ ዓይኑን አፍጥጦ ቆሟል። ብሮጥ ይይዘኛል፣ ብዘል ይይዘኛል፣ ሽንኩርት ብሰጠው ሽንኩርቱን በልቶ ይይዘኛል። ወራት ፈጀሁበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳና አባየን ይቺን ያዙልኝ ብዬ ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። ደንበኛዬን ሸኝቼ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ርችት ይተኮሳል። ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶት ተዘርሯል፤ ማንቆርቆሪያው አልፎ ሄዷል። ምን ነክተው ነው ብዬ ጮህኩባቸው። ወላሂ ምንም አልነካሁም አሉኝ፤ ጆይስቲኩን ጫጩት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው እንደያዙት። ዘዴው ለካስ ምንም አለመንካት ነው። ዝም ብለው ከጠበቁት ዘበኛው ይተኛል። እኔ ስንት ወር እሮጥበት የነበረውን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ባለመሮጥ አለፉት። በዚያ ሰሞን የሚጎበኛቸው ሁሉ እንዲሰማ «የልጄን ዘበኛ አስተኛሁት» ይሉ ነበር።

ከዚያ በቀጣዩ ክረምት ክፍል ሁለት መጣ። ቆቦ ላይ ተኩስ ተሰማ ተባለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከተማው በአንድ ጠዋት ተነሳ። እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ዝግጁ ነበርኩ። የባለፈውን እያንዳንዱን ነገር ከቀሩት ሰዎች ጠይቄ አጥንቻለሁ። ማን ዱቄቱን የት ደበቀ፣ የትኛው ጉድጓድ ተገኘ፣ የትኛው አልተገኘም። ጓሮ ወርጄ መቆፈር ጀመርኩ። ዱቄት፣ ጨው፣ ሻማ፣ የሱቄን መሣሪያዎች፣ በፌስታል የተጠቀለለ የጌም ማሽን አንድ በአንድ ቀበርኩ። እየቆፈርኩ ለአባየ የምነግራቸውን አዘጋጃለሁ። ዘንድሮ የትም አልሄድም፣ አብሬዎት ነኝ፣ መቃብሩንም አብሬ እቆፍራለሁ። በገዛ ንግግሬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ አባየ ጫማቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ትንሽ ጥቅልል ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ምን ስቆፍር እንደዋልኩ ጠየቁኝ። አዘጋጅቼው የነበረውን ንግግር ጀመርኩ። እስከ መቃብሩ እንኳ ሳልደርስ አቋረጡኝና እንሂድ አሉ። ቅሬውስ አልኳቸው። ሰዉ ሁሉ ከሄደ ማንን ልቅበር፣ ቅሬ ያለው ሰው ያለበት ነው፤ ሰዉ ወደ መርሳ ወጥቷል አሉኝ። ለከበባ የተዘጋጀሁት ጀግና ዱቄቴን ቀብሬ ባዶ እጄን ተከተልኳቸው።

መኪና የሚባል ጠፍቶ ስለነበር በእግራችን ወጣን። በመንገዱ ላይ እኔን የመሰለ ብዙ ነበር። ባለፈው በሩ ተገንጥሎ የተወሰደበት ሰው ዘንድሮ ራሱ ነቅሎ በሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ባለፈው ስልኳን የተቀማች ሴት ስልኳን ዳቦ ውስጥ ደብቃ፣ ዳቦው ሲጠራ እየደነገጠች ትሄዳለች። ሁላችንም ክፍል ሁለትን በክፍል አንድ እውቀት ነበር የምንጫወተው። አባየ ቀስ እያሉ፣ የሚያልፋቸውን ሁሉ ሰላም እያሉ ይራመዳሉ። ሲሪንቃ መስጊድ ግቢ አድረን በማግስቱ መርሳ ገባን። እግራቸው አብጦ ስለነበር አንድ ማንጎ ዛፍ ስር አረፍን።

እዚያ ሳለን አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው። ወደ ደሴ እንደሚሄድ፣ ሽማግሌውን ጋቢና ውስጥ፣ እኔን ከላይ ጭነቱ ላይ እንደሚያስቀምጠን ነገረን። አባየ ከዘራቸውን ደገፍ ብለው ቀና አሉ።

«እኔ ይቅርብኝ፤ አንተ ሂድ ልጄ» አሉኝ።

ቃሉ ያው ነው። ይቺን አውቃታለሁ፣ ዘንድሮ አልሸወድም አልኩ። ወደ ሹፌሩ ዞሬ አላህ ይስጥልን፣ አባቴ ካሉ አሉ ነው፣ እኔም ጥያቸው አልሄድም አልኩት። ሹፌሩ አባየን አየ፣ እኔን አየ፣ ማርሹን አስገብቶ ሄደ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ምርቃቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

አባየ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ለምን ሰደድከው?» አሉኝ።

«ይቅርብኝ አሉ እኮ፣ አባየ።»

«አንድ ጊዜ ነው ያልኩት።»

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ ቀጥሎ ገባኝ። እኛ አገር በአንድ አፍ እሺ የሚል ሰው የለም። ምሳ ብሉ ሲባል እንኳ ይብቃኝ ይባላል። ጋባዡ አፈር ስሆን ይላል፣ ተጋባዡ አሁን በልቼ መጣሁ ይላል። በአላህ ይባላል፣ በልጆቼ ይባላል፣ ሦስተኛው ላይ እጅ ይታጠባል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሆዳም ነው፤ በመጀመሪያው እምቢታ የተወ ጋባዥ ደግሞ ንፉግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወሎ ውስጥ አልተወለደም። እኔ ራሴ ሠርግ ቤት ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ ከሁሉ በላይ የምበላ ሰው ነኝ።

አባየ ጫማቸውን አወላልቀው ያበጠውን እግራቸውን እያሹ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ።

«ያኔም አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። እሺ ብለህ ስትወጣ ሹፌሩን ቆይ ልትለው የሄድክ መስሎኝ ጫማዬን አደረግኩ። ስወጣ መኪናውም የለም።»

በድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስላሉ። እኔ ግን አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ደሴ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ብለምናቸው ብለምናቸው እምቢ አሉ ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ ጆሮዬ ላይ መጣ። የለመንኳቸው አንድ ጊዜ ነበር፤ እሱም በሩን ይዤ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው ምን ብዬ አሉኝ፤ ልጄ ሁለተኛ አልለመነኝም ብዬ ለሰው ላውራ? ሰው ሲጠይቃቸው ለቅሬው ብዬ ቀረሁ ያሉት ራሳቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ምስጋና የእኔን ነውር የሸፈኑበት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌላ መኪና መጣ። እየሮጥኩ ሄጄ ቦታ ለመንኩ፣ አገኘሁ። ወደ አባየ ስመለስ ዝግጅቴ ሙሉ ነው። አፈር ስሆን እላለሁ፣ በአላህ እላለሁ፣ በእናቴ ነፍስ እላለሁ፣ ካስፈለገም ጫማቸውን ራሴ አስሬ እሸከማቸዋለሁ። ፊታቸው ተንበርክኬ እንሂድ አባየ አልኳቸው።

እሺ አሉና ተነሱ።

ልመናው ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ውጫሌን አልፈን እኔ ከላይ ጭነቱ ላይ ንፋስ ሲመታኝ ነው የገባኝ። ለመጀመሪያው መኪና ይቅርብኝ ያሉኝ ሰው፣ ለሁለተኛው በአንድ አፍ እሺ አሉ። ልመና የሚደግም ልጅ እንደሌላቸው አውቀዋል።

በዚያ ዙር ወልድያ አልተያዘችም። ከሳምንታት በኋላ ስንመለስ ቤታችን እንደተውነው ነበር፤ የተበላሸው እኔ የቀበርኩት ብቻ ነው። የክረምቱ ውሃ ጉድጓዱ ገብቶ ዱቄቱን አቦካው፣ ማሽኑንም ገደለው። ስምንተኛው ሌቭል ምን ይጠይቅ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

አባየ ጎረቤት ሲጋበዙ ዛሬም እንደ ወጉ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ተለምነው ነው እጃቸውን የሚታጠቡት። ከእኔ ጋር ግን እምቢ ማለት ትተዋል። ብሉ ስላቸው እሺ፣ ተኙ ስላቸው እሺ፣ ጋቢ ልደርብልዎ ስላቸው በጠራራ ፀሐይ እሺ። ባለፈው ረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሾርባ ጨምሬ ጨምሬ አራተኛውን ጭልፋ ስቀዳላቸው እንደጠገቡ ከፊታቸው እያየሁ እሺ ብለው ጎድጓዳ ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። ጭልፋውን አስቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። አፈር ስሆን አባየ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ በሉኝ አልኳቸው።

«እሺ ልጄ» አሉኝ።